ሁሉንም እቀበላለሁ

ጌዚነ የእናቷን ቤት በራሷ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ ከሳሎን የእናቷን ድምፅ ሰማች። «አዎ፣ እቀበላለሁ። አዎ፣ በደስታ። ይሄንንም እቀበላለሁ» ይላሉ። እንግዳ የመጣባቸው መስሏት ኮቷን ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። መልስ የሚሰጥ ሰው ግን አልነበረም። አንገቷን አስግጋ ብታይ፣ እናቷ ወይዘሮ ቪብከ ኦልትማንስ የአባቷ በነበረው የመስኮት ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ላፕቶፑን ያነጋግራሉ። አንድ ድረ ገጽ ይከፍታሉ፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ሳጥን ብቅ ይላል፤ «ሁሉንም እቀበላለሁ» የሚለውን ይጫናሉ፤ ከዚያ ገጹን በቅጡ እንኳ ሳያዩት ዘግተው ሌላ ይከፍታሉ። የጫማ መደብር፣ የጣሪያ ክዳን ሻጭ፣ የጉዞ ወኪል፣ የውሻ ምግብ። ውሻ ኖሯቸው አያውቅም።

ይህ ለሌላ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ለጌዚነ ግን እንጀራዋ ነው። ብሬመን መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የቤት ዕቃ ድርጅት ውስጥ የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ ናት። ሰው የድርጅቱን ድረ ገጽ ሲከፍት ከፊቱ የሚደቀነው ሳጥን የእሷ ሥራ ነው። ኩኪ የሚባሉት ጥቃቅን መከታተያዎች ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብተው ሰውዬው ምን እንዳየ፣ ምን እንደተመኘ፣ የቱ ላይ ደርሶ እንዳመነታ ከመያዛቸው በፊት ፈቃዱን የሚጠይቀው ያ ሳጥን ነው። የሽያጭ ክፍሉ ሰዎች «እቀበላለሁ» የሚለው አረንጓዴና ሰፊ፣ «አልቀበልም» የሚለው ግራጫና ዓይን የማይገባ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። እሷ ደግሞ ሕጉ ለእምቢታም እኩል ቦታ ይሰጣል ብላ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ስትከራከር ከርማ፣ በመጨረሻ ሁለቱን በአንድ ቀለምና በአንድ መጠን አስደርጋለች። ባልደረቦቿ ዞር ስትል «እመት አልቀበልም» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስም ይላታል።

ጠባዩን የወረሰችው ከአባቷ ነው። ፎልከርት ኦልትማንስ ግሮፐሊንገን በሚባለው የሠራተኞች ሰፈር፣ ቬዘር ወንዝ ዳር በነበረው የመርከብ መሥሪያ ብረት በያጅ ነበሩ። ጌዚነ ገና ትምህርት ቤት ሳለች መንግሥት ሕዝብ ልቁጠር ብሎ ሲነሳ አገሩ ሁሉ ተከራከረ፤ የወጣው ወጥቶ ሰልፍ አደረገ፣ የቀረው ቤቱ ሆኖ አኮረፈ። ቆጣሪው በራቸውን ያንኳኳ ቀን ዝናብ ነበር። ፎልከርት በሩን እስከ ትከሻቸው ስፋት ከፈቱና፣ እኔ እንቅልፍ እንቢ ያለው ሰው እንቅልፉ እንዲመጣ የሚቆጥረኝ በግ አይደለሁም ብለው መልሰው ዘጉት። ጌዚነ ከኋላቸው ሆና ሱሪያቸውን ይዛ ነበር። ያ ሰፊ ጀርባ፣ ያ ጠረኑ ብረትና ሳሙና የሆነ ሹራብ፣ ከዚያ ደግሞ በሩ ሲዘጋ የወጣው የረካ ድምፅ እስከ ዛሬ ትዝ ይላታል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ይህንን ሕግ የመረጠችው ያንን በር እያሰበች ነው ብትባል አትክድም።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ሚስት ናቸው ቅዳሜ ጠዋት ለውሻ ምግብ ሻጭ «በደስታ» የሚሉት።

«እማዬ፣ ምን እየሆንሽ ነው?»

«መጣሽ? ሻዩ ፈልቷል» አሉ ወይዘሮ ቪብከ ላፕቶፑን ከደን አድርገው።

ጌዚነ ግን በዚህ አልተመለሰችም። ኮቷን እያወለቀች ጀመረች፤ ሻዩን እየቀዳች ቀጠለች። ከሁለት ወር በፊት መጥታ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ደክማ ላፕቶፑን አጽድታላቸው ነበር። የተጠራቀመውን መከታተያ በሙሉ አጥፍታ፣ ድሮ የተከፈቱትን ገጾች ዝርዝር ደምስሳ፣ ከእንግዲህ ሳይጠየቁም እምቢ እንዲልላቸው አስተካክላው ነበር የሄደችው። ያንን ማን ለወጠው? ለካ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ልጅ ናት፣ እናቷ ለምነዋት። ጌዚነ እነዚህ ድርጅቶች የሰውን ምኞት እንዴት ሰፍረው ለሌላ እንደሚሸጡ፣ አንድ ጠቅታ ስንት የማያውቁት ቤት ውስጥ እንደሚያስገባቸው፣ አሮጊት ብቻዋን እንደምትኖር የሚያውቅ ሁሉ በጎ እንዳልሆነ ዘረዘረች። ሥራ ቦታ ለአዲስ ተቀጣሪዎች የምትሰጠው ትምህርት ነው፤ ቃላቱ ሳይፈለጉ ነው የሚመጡላት። ወይዘሮ ቪብከ ስኳሩ ሻዩ ውስጥ ሲሰነጣጠቅ ያዳምጣሉ። በዚያ ቤት ሻይ በትልልቅ የስኳር ክሪስታል ነው የሚጠጣው፣ ሳይማሰል፣ ክሬም ከላይ ጠብ ተደርጎ። ልጃቸው ስትጨርስ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ ገበያው ሳይበተን ብንሄድ ይሻላል አሉ።

ውጪው ብርዳም ነበር። ኅዳር ነውና የመጀመሪያው ውርጭ ወርዷል፤ ውርጭ ያልነካው ጎመን ደግሞ በዚያ አገር ጎመን አይባልም። ገበያው ላይ አትክልት ሻጩ በኪሎ አርባ ሳንቲም ጨምሮ ቢያገኙት ወይዘሮ ቪብከ ለአፍ ያህል ተከራከሩት፤ ሻጩም ውርጩንም እኔ ልክፈል ወይ ብሎ መለሰላቸውና ተሳሳቁ። ከሥጋ ሻጩ ከጎመን ጋር የሚቀቀለውን ወፍራም ቋሊማ ገዙ። ሲመለሱ ትራም አልያዙም፤ እናትየው ጉልበታቸው እያመማቸውም ቢሆን በወንዙ በኩል እንሂድ አሉ። የመርከብ መሥሪያው የነበረበት ቦታ ዛሬ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ነው። መኪና ማቆሚያው ዳር ሲደርሱ ወይዘሮ ቪብከ ቆሙና በዱላቸው አስፋልቱን ነካ አደረጉት። በሩ እዚህ ጋ ነበር አሉ። ፈረቃ ሲያልቅ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ብስክሌት ይሆን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን በጋሪ ይዘው እዚያ ማዶ ከዳቦ ቤቱ ፊት ይቆሙና፣ ከዚያ ሁሉ ኮፍያ መሀል የፎልከርትን ለመለየት ይሞክራሉ። ሁሉም ኮፍያ አንድ ዓይነት ነው። ግን ይለዩት ነበር። ጌዚነ እንዴት ብላ ጠየቀች። እናቷ ትከሻቸውን ነቀነቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ባለፈው መጋቢት አባቷ ካረፉ ወዲህ እናቷ ስለሳቸው ይህን ያህል ሲያወሩ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ሌላ ጊዜ ስማቸው ሲነሳ አንድም ወጥ ቤት ይገባሉ፣ አንድም መስኮት ይከፍታሉ።

ጎመኑ እስኪበስል ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ሲቆምበት አንዱ ሲዞር ሌላው መዞር አለበት። ድንች ላጡ፣ ሽንኩርት ከተፉ፣ ስለ ጌዚነ አለቃ፣ ስለ ማሞቂያ ክፍያ፣ ስለ ሐኪሙ አዲስ ቀጠሮ ሰጪ አወሩ። ከዚያ የሚወራው አለቀና ድስቱ ብቻ ቀረ። ሳሎን ውስጥ የአባቷ ሹራብ ዛሬም የወንበሩ መደገፊያ ላይ ነው። የተቀረውን ሁሉ ግን ጌዚነ ናት ያነሳችው፤ በአንድ ወር ውስጥ የባንኩን፣ የስልኩን፣ የኢሜይሉን፣ ሁሉንም ዘግታ ጨርሳለች። ቀብሩ ላይ ዘመድ ሁሉ ይህችን የመሰለች ልጅ ብሎ አመስግኗታል። ከተከደነው ላፕቶፕ አጠገብ ሁለት ሰሐን አቀረቡና መብላት ጀመሩ። ወይዘሮ ቪብከ ቋሊማቸውን ቆራርጠው ቆራርጠው፣ አንዱንም ሳይቀምሱ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«መልሰሽ ልታመጪው ትችያለሽ?»

«ምኑን?»

«ያን ጊዜ ያጠፋሽውን።»

ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሯት። ላፕቶፑ የፎልከርት ነበር፤ እናትየው ነክተውት አያውቁም ነበር። ከቀብሩ በኋላ፣ ቤቱ ሰው የሌለበት አንድ ጠዋት፣ የአየር ሁኔታ ለማየት ብለው ከፈቱት። የአየሩ ትንበያ ጎን አንድ የወንድ ጫማ ማስታወቂያ ነበር፣ ቁጥር አርባ ስድስት። የፎልከርት ቁጥር። በማግስቱ ምድር ቤት ተጋድማ የምትኖረው የፎልከርት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ካርቡራተር ማስታወቂያ መጣ። ከዚያ የዝናብ ካፖርት፤ ከዚያ ሰውዬው የሚወዱት ጥቁሩ ጨዋማ ከረሜላ በጅምላ። «ሰፈሩ ሁሉ መሞቱን ሰምቷል» አሉ ወይዘሮ ቪብከ። «ቄሱም፣ ባንኩም፣ አንቺም። ይሄ ብቻ ነው ያልሰማው። በየጠዋቱ ስከፍተው ፎልከርት፣ ጫማው ረክሷልና ና ግዛ ይለዋል። እኔም ሻዬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

ለጌዚነ ከሁሉ በፊት የመጣባት ሐሳብ የማይረባ ነበር፤ እሱን ነው የተናገረችው።

«ስለዚህ አባዬ ይቀበል ነበር ማለት ነው? አባዬ?»

«መጀመሪያ ያነበው ነበር፣ ከላይ እስከ ታች። እርሳስ ይዞ። ኋላ ግን ይህን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ሳላይ ልሞት ነው አለና መጫን ጀመረ። ለጌዚነ እንዳትነግሪ ብሎኛል።»

ጌዚነ ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነና ሰሐኗን አቀርቅራ ተመለከተች። እናቷ አልጨረሱም ነበር። ከሁሉ የበለጠው ጫማው አይደለም አሉ። አንድ ቤት ነበረ፣ ደሴት ላይ። ዝቅ ያለ የጡብ ቤት፣ መስኮቱ አረንጓዴ፣ መስኮቱ ሥር ነጭ አግዳሚ ወንበር። «ለሁለት ሰው፣ በግንቦት» ይላል። ባለፈው ግንቦት ከተጋቡ ሃምሳ ዓመት ይሞላቸው ነበር። ፎልከርት ስለ ጉዞ አንዲት ቃል ተንፍሰው አያውቁም፤ ከአስር ዓመት ወዲህ ከብሬመን ወጥተው የት ሄደው ያውቃሉ? ለካ ከመሞታቸው በፊት በነበሩት ሳምንታት፣ እናትየው ወጥ ቤት ሲሆኑ፣ ሰውዬው ቤት ሲመርጡ ነበር። ወይዘሮ ቪብከ ያንን ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ይጫኑታል፤ ገጹ ይከፈታል፤ መስኮቱን ያያሉ፤ ይዘጉታል። ስለተጫኑትም ደጋግሞ ይመጣል። ስሙን አልያዙም። በየጠዋቱ የሚመጣ ሰው ስሙ ይጻፋል እንዴ? ከዚያ ከሁለት ወር በፊት፣ ከጌዚነ ጽዳት በማግስቱ ቢከፍቱት፣ የአየር ሁኔታው ብቻ ነበር። ከጎኑ ባዶ። ሁሉንም እቀበላለሁ ብል አንድ ቀን ይመለሳል ብለው ነው፣ ከዚያ ወዲህ ያገኙትን ሁሉ የሚጫኑት። የመጣላቸው ግን የመስሚያ መሣሪያና ደረጃ የሚያወጣ ወንበር ነው።

ጌዚነ ሥራዋን ስለምታውቅ መልሱንም ታውቃለች። አይመለስም። ያ ማስታወሻ የነበረው ላፕቶፑ ውስጥ ነው፤ የደመሰሰችው እሷ ናት። ኢሜይሉ ውስጥ ስለ ቤቱ አንድ ነገር ይኖር ነበር፤ የዘጋችው እሷ ናት። አንድ ድርጅት ስለ እኔ የያዘውን ይስጠኝ ብሎ መጠየቅ የእያንዳንዱ ሰው መብት መሆኑን ስንት ጊዜ አስተምራለች፤ ነገር ግን ያ ሕግ የሚጠብቀው በሕይወት ያለን ሰው ነው፤ የሞተ ሰው በሕጉ ዓይን የሚጠበቅም የሚጠየቅለትም የለውም። ይህንን ሁሉ ለእናቷ ልትነግራቸው አሰበች። አልነገረቻቸውም። ሰሐኖቹን ወደ ዳር ገፋ አድርጋ ወንበሯን ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠችና ላፕቶፑን ከፈተች።

«አግዳሚው ከበሩ በስተቀኝ ነው በስተግራ?»

ደሴቶቹ ብዙ ናቸው። ወይዘሮ ቪብከ መኪና አልነበረም፣ ዕቃ የጫነ የፈረስ ጋሪ አለ ብለው ስላስታወሱ መኪና የሚገባባቸው ወደቁ። አንድ በአንድ የእንግዳ ማረፊያዎቹን ይከፍቱ ጀመር። እያንዳንዱ ገጽ መጀመሪያ ያንን ሳጥን ነው የሚያወጣው፤ የጌዚነ ጣት ሳታስበው «አልቀበልም» ላይ ያርፋል፤ አንዳንዶቹ ጋ ቁልፉን ለማግኘት ታች ድረስ መውረድ አለባት፤ እንደ ልማዷ ታጉረመርማለች። እናቷ ፎቶዎቹን እያዩ «አይደለም» ይላሉ። ይሄ አዲስ ነው፣ አይደለም። ይሄ የሀብታም ነው፣ ፎልከርት ደጁንም አይረግጠው። መብራት ማብራት ሳያስፈልጋቸው፣ ቀኑ ገና ግራጫ ሳለ፣ ባልትሩም የምትባለው ትንሿ ደሴት ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ቪብከ እጃቸውን ልጃቸው ክንድ ላይ አደረጉ። አግዳሚው ሰማያዊ ተቀብቷል። መስኮቱ ግን ያው ነው።

ስልክ ቁጥር ነበረው። ጌዚነ ክፍሉን እዚያው መያዝ እንችላለን ብትል እናቷ መጀመሪያ መጠየቅ እፈልጋለሁ አሉ። ፎልከርት ከማየት አልፎ ደውሎ እንደሆነ። ጌዚነ ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያነሳችው የቤቱ ባለቤት ናት፣ ወይዘሮ ኡከና፣ ድምፅዋ ንፋስ የለመደ። ጌዚነ ስሟን ተናገረችና፣ ባለፈው የካቲት ፎልከርት ኦልትማንስ የሚባሉ ሰው ክፍል ጠይቀው እንደሆነ ለማወቅ እንደምትፈልግ አስረዳች።

«ይቅርታ የኔ እመቤት። ስለ እንግዶቼ ለማንም አልናገርም።»

«ልጃቸው ነኝ።»

«ልጃቸው መሆንዎን በስልክ በምን አውቃለሁ? የመረጃ ጥበቃ ሕግ አለ፣ ያውቁት እንደሆነ።»

ጌዚነ ለአዲስ ተቀጣሪዎች እንዲህ በሉ ብላ የምታስተምረው ይህንኑ ነው፤ ሴትዮዋ አንድ ቃል አላጎደለችም። ልትከራከር የምትችልበት ነገር ነበራት፣ የሞተ ሰው ጉዳይ በሕጉ እንደማይሸፈን፤ ግን እናቷ ፊት ያንን ዓረፍተ ነገር ለመጀመር አቃታት። ወይዘሮ ቪብከ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ሚስቱ ነኝ» አሉ። «መጋቢት ላይ ሞተብኝ። እኔ ሳላውቅ ነው የእርስዎን መስኮት ሲያይ የነበረው።»

ከወዲያ በኩል የሆነ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ወንበር ተሳበ።

«ስለ እንግዳ መናገር አልችልም» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። «እሳቸው ግን አልመጡም፤ ስለዚህ እንግዳዬ አልነበሩም። አስታውሳቸዋለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ዝም ብሎ የሚያዝ ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ደጋግመው ደወሉ። ወደ ደሴቷ የምታመላልሰውን የድሮዋን ጀልባ እኛ ነን የበየድናት ብለው አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት አቆሙኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ ደረጃው ጠየቁ፣ ለእርስዎ ጉልበት። እና አንድ ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ምንድን ነው?»

«ማታ መስኮቱ ተዘግቶም ባሕሩ ይሰማል ወይ አሉኝ። ሰው ጸጥ ይላል ወይ ነው የሚለኝ ሁልጊዜ። እሳቸው በተቃራኒው። ሚስቴ ጸጥታ ላይ እንቅልፍ አይወስዳትም አሉ፤ የመርከብ መሥሪያው ከተዘጋ ወዲህ።»

ወይዘሮ ቪብከ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ።

«ምን አሏቸው ታዲያ?»

«ይሰማል አልኳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሰማው። እንግዲያው እደውላለሁ ብለው ዘጉ።»

ቀጥሎ የተነጋገሩት የተለመደውን ነው። ለመጪው ግንቦት ክፍሉ ነጻ ነበር፤ ወይዘሮ ቪብከ ለሁለት ሰው ብለው ያዙት፤ ጌዚነን ትመጫለሽ ወይ ብለው አልጠየቋትም፤ እሷም እንቢ ለማለት አልሞከረችም። ወይዘሮ ኡከና ጀልባዋ የምትነሳበት ሰዓት እንደ ባሕሩ ሙላት ስለሚለያይ ቀደም ብለው እንዲደውሉላት አሳስባ ተሰናበተች። ስልኩ ሲዘጋ የጎመኑ ድስት በርዶ ክዳኑ ላይ ውሃ አቁሯል።

«እማዬ፣ እውነቱን ነው? እንቅልፍ የለሽም?»

እናቷ ያኔ የምንኖርበት ቤት ከመሥሪያው አጥር ጋር ይዋሰን ነበር አሉ። የሌሊት ፈረቃው ብረት ሲቀጠቅጥ ስኒዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። በሠርጋቸው ሰሞን በድምፁ አብደው ነበር፤ ኋላ ግን እንደ ዝናብ ሆነላቸው። ጌዚነም በዚያ ድምፅ ነው ያደገችው፤ መዶሻው ለምሳ እረፍት ሲቆም ነበር ነቅታ የምታለቅሰው። ከዚያ መሥሪያው ተዘጋ። በመጀመሪያው ሌሊት ምንም አልተሰማም። ጎዳናው ሁሉ መስኮቱን ከፍቶ ጸጥታውን ሲያዳምጥ ትዝ ይላቸዋል። ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንቅልፍ ሳይወስዳቸው ነው የሚያነጉት፣ እዚህ ቤት ከመጡም በኋላ።

«ለአባዬ ነግረሽው ነበር?»

«እንዴት ብዬ? ሥራውን ያጣ ሰው ነው፤ ጭራሽ መዶሻው ናፈቀኝ ልበለው? አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም። እንዳልቀሰቅሰው ብዬ መገላበጥ እንኳ ትቼ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ እንደተኛ ሰው እየተነፈስኩ።»

«ታዲያ እሱ በምን አወቀ?»

ወይዘሮ ቪብከ መነጽራቸውን አወለቁ። ማያው ላይ ያለውን አረንጓዴ መስኮት ሳይሆን፣ በተከፈተው የመኝታ ቤት በር በኩል የሚታየውን ሰፊ አልጋ ነበር የሚያዩት።

«እሱም ተኝቶ አልነበረም ማለት ነው» አሉ።